የአልጋ ቁራኛን ስለ መፍታት

በመጦሪያ ቤት አረጋውያንን ለሚያገለግሉ፥ ወላጆቻቸውንም በዚያ ላኖሩ ልጆች የተጻፈ ምክር



ጌታችን በሰንበት ቀን በምኵራብ ሲያስተምር ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጐብጣ የኖረች አንዲት ሴት እንዳየ ወንጌላዊው ሉቃስ በ13ኛው ምዕራፍ ጽፎልናል። ይህች ሴት ቀና ብላ መቆም ከቶ አልተቻላትም ነበር። እርሱ ግን ወደ እርሱ ጠራት፤ እጁንም ጫነባት፤ ወዲያውም ቀጥ ብላ ቆመች። የምኵራቡ አለቃ ስለ ሰንበት ሥርዓት በተቈጣ ጊዜ ጌታ የሰጠው መልስ ለዛሬው ነገራችን መሠረት ነው። እነርሱ በሰንበት እንኳ ከብታቸውን ከጋጣ እየፈቱ ወደ ውኃ ይወስዱ እንደ ነበረ አስታወሳቸው፤ ለከብት የሚገባው መፈታት ለአብርሃም ልጅ ስለ ምን እንደማይገባ ጠየቃቸው። አስተውሉ፤ ጌታ የሴቲቱን መጕበጥ እንደ እስራት ቈጠረው፤ መዳንዋንም መፈታት አለው።

በእኛም ቋንቋ ታሞ ከመኝታው የማይነሣውን ሰው የአልጋ ቁራኛ እንለዋለን። ቁራኛ የሚለው ቃል ከፍርድ አደባባይ የመጣ ነው። በቀድሞ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፥ ባለዕዳም ከአበዳሪው ጋራ በሰንሰለት ተቈራኝቶ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ አንዱም ያለ ሌላው መቀመጥም መነሣትም አይችልም ነበር። እንግዲህ በሽተኛውን የአልጋ ቁራኛ ማለት ከአልጋው ጋራ ታስሮአል ማለት ነው። ነገር ግን የፍርድ ቁራኛ ነገሩ በዳኛ ፊት ባለቀ ጊዜ ይፈታ ነበር። የአልጋ ቁራኛንስ ማን ይፈታዋል? አስቀድሞስ ማን አሰረው? ይህች ትንሽ ጽሑፍ ስለዚህ ጥያቄ የተጻፈች ናት።

ከሕዝባችን መካከል ብዙዎች በአሜሪካ፥ ይልቁንም በዋሺንግተን ከተማና በአጠገብዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፥ በመጦሪያ ቤት እያገለገሉ እንጀራቸውን ያገኛሉ። ሌሎችም የገዛ ወላጆቻቸውን እንዲህ ባለ ቤት አኑረዋል። በአዲስ አበባም ጧሪ ያጡትን የሚሰበስቡ እንደ መቄዶንያ ያሉ ቤቶች አሉ። በመጦሪያ ቤት ሰው ደፍሮ የማይናገራቸው ሁለት ነገሮች ተያይዘው ይኖራሉ፤ አንደኛው ሽንትን መያዝ አለመቻል ነው፤ ሁለተኛውም ሳይንቀሳቀሱ መዋልና ማደር ነው። በአሜሪካ በመጦሪያ ቤት ከሚኖሩት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ሽንታቸውን መያዝ ይቸገራሉ። ነገሩ እንዲህ የበዛ ከሆነ ዝም ማለት አይገባንም፤ ኀፍረት ያለበት ነገር ሁሉ ፍቅር ሊገባበት የሚገባ ነገር ነውና።

፩. ኀፍረትን ስለ መሸፈን

በኦሪት ዘፍጥረት በ9ኛው ምዕራፍ ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ተኝቶ በነበረ ጊዜ ልጆቹ ያደረጉትን እናነባለን። ካም የአባቱን ዕራቍትነት አየ፤ ያየውንም ወደ ውጭ አውጥቶ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው ላይ አድርገው የኋሊት እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑት። ኖኅ ያን ቀን የተራቈተው በወይን ጠጅ በገዛ ጥፋቱ ነበር፤ ቢሆንም የሸፈኑት ልጆች በረከትን አገኙ። እንግዲህ ያለ አንዳች ጥፋት፥ በደዌና በድካም ብቻ የተራቈተውን ሽማግሌ የሚሸፍን ሰው እንዴት ይልቅ አይባረክ?

የካም ኃጢአት ዛሬም አለ። በመተላለፊያው ላይ ቆማ «እገሊት ደግሞ አርጥባለች» ብላ የምትጮኽ አስታማሚ የካምን ሥራ ትሠራለች። እናቱ እየሰማች ስለ ዳይፐርዋ ለእንግዳ የሚያወራ ልጅ የካምን ሥራ ይሠራል። ሰባት ልጆች ያሳደገችውን ሴት እንደ ሕፃን የሚያባብላት፥ በፊትዋም አፍንጫውን የሚይዝ ሰው እንዲሁ ነው። እነዚህ ነገሮች ትንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በሽማግሌው ልብ ውስጥ ከቍስል ይልቅ ይጠልቃሉ።

ደግሞም ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ በእውነት ልናውቅ ይገባናል። ሽንት ማምለጡ ስንፍና አይደለም፤ ወደ ሕፃንነት መመለስም አይደለም፤ የእርጅና ግዴታም አይደለም። ብዙ ሰዎች እስከ ጥልቅ እርጅና ድረስ ሽንታቸውን ይይዛሉ። የሚያመልጣቸውም ምክንያት አላቸው። በአንዱ ሰው የፊኛው ጡንቻ ሳይሞላ ይኮማተራል፤ ሽንቱም በድንገት ያጣድፈዋል። በአንዲቱ ሴት ከወሊድ ብዛት የተነሣ ፊኛን የሚደግፉት ጡንቻዎች ላልተዋል፤ ስትስል ወይም ስትነሣ ያመልጣታል። በወንዶች ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ አብጦ መንገዱን ያጠብባል፤ ፊኛውም ሞልቶ ይፈስሳል። የሽንት ቧንቧ በሽታ፥ የሆድ ድርቀት፥ ውኃን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት፥ የእንቅልፍም መድኃኒት ያመጡታል። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ደግሞ ፊኛው ደኅና ሆኖ ሳለ እግሩ ወደ መጸዳጃ ቤት በጊዜ ስላላደረሰው ብቻ ልብሱን የሚያረጥብ ሰው አለ፤ ጣቱ ቍልፉን መፍታት ያቃተው አለ፤ ደወል ደውሎ የሚመልስለት ያጣ አለ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ በእኛ ዘንድ በሽተኞች ይባላሉ፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን የእኛ ቸልታ ምስክሮች ናቸው።

፪. እስራቱ እንዴት እንደሚታሰር

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ በምሳሌ እንናገር። 80 ዓመት የሞላት አንዲት ባልቴት ወደ መጦሪያ ቤት ገባች እንበል። በገባች ቀን በምርኩዝ እየተደገፈች ራስዋ ወደ መጸዳጃ ቤት ትሄድ ነበር። አንድ ሌሊት ደወል ደወለች፤ አስታማሚዋ ብዙ ሰዎች ነበሩባትና ዘገየች፤ ባልቴቲቱም አልጋዋን አረጠበች። በማግሥቱ ዳይፐር አደረጉላት። ከዚያ በኋላ በደወለች ጊዜ አስታማሚዋ መጥታ፥ «እማማ፥ ዳይፐር አድርገዋል እኮ፤ እዚያው ይሽኑ፤ በኋላ እለውጥዎታለሁ» አለቻት። ቃሉ በአንቱታ የተነገረ ነው፤ ድምፅዋም ለስላሳ ነበር። ነገር ግን በዚያ ቃል የመጀመሪያው ቀለበት ታሰረ።

ባልቴቲቱም ከኀፍረትዋ የተነሣ ውኃ መጠጣት ተወች። ሽንትዋ በጠነከረ ጊዜ ፊኛዋን ይቈጠቍጣት ጀመር፤ ማጣደፉም ባሰ። ሆድዋ ደረቀ፤ ራስዋንም አዞራት። ጠረን እንዳይሸትብኝ ብላ ሰው ከሚሰበሰብበት አዳራሽ ቀረች። ከቀን ወደ ቀን በወንበር ተቀመጠች፤ ኋላም ተኛች። እግርዋ መነመነ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ሰው ካላነሣት የማትነሣ ሆነች፤ ጀርባዋም መቍሰል ጀመረ። ልጆችዋ በመጡ ጊዜ «ምን ይደረግ፥ እርጅና ነው» ተባሉ፤ እነርሱም አመኑ።

እርጅና ነውን? ከሰንሰለቱ አንዱን ቀለበት እርጅና ሠርቶት ይሆናል፤ የቀሩትን ቀለበቶች ግን የሠራናቸው እኛ ነን። አለመነሣት ሽንትን ያስለቅቃል፤ የሽንት ማምለጥ ደግሞ አለመነሣትን ያጸናል፤ ሁለቱም እንደ ከሳሽና እንደ ተከሳሽ ተቋጥረው አንዱ ሌላውን ወደ ታች ይስበዋል። አልጋ ለደከመ ሰው ዕረፍት ነው፤ ያለ ልክ ሲሆን ግን ሌባ ነው። በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ምርመራ እንዳስታወቀው፥ 12 ጤነኛ አረጋውያን 10 ቀን ብቻ በአልጋ ላይ ቢቈዩ ከእግራቸው ሥጋ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጠፋ። እነርሱ ጤነኞች ነበሩ፤ ቀኑም ዐሥር ብቻ ነበረ። ታምሞ ለወራት የሚተኛውማ ምን ያህል ይጐዳ? በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ አሸር የተባለው ሐኪም በ1947 ስለ አልጋ አደገኛነት ጽፎ የሙያ ባልደረቦቹን ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው።

፫. እስራቱ እንደሚፈታ ሦስት ምስክሮች

በሁለትና በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል። እኛም ሦስት ምስክሮችን እንጠራለን።

የመጀመሪያዪቱ ማርጆሪ ዋረን የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ናት። በ1935 በለንደን አጠገብ ያለው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል የጎረቤቱን የድኆች ቤት ሕሙማን በተረከበ ጊዜ 714 ሰዎች በእጅዋ ገቡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለዘመናት ከአልጋ ያልተነሡ፥ ሽንታቸውን መያዝ ያቃታቸው፥ ከእንግዲህ ወዲህ ምንም አይደረግላቸውም ተብለው የተተዉ ነበሩ። እርስዋ ግን እያንዳንዱን እንደ አዲስ በሽተኛ መረመረች፤ ከአልጋ እንዲነሡ፥ ልብሳቸውን እንዲለብሱ፥ እንዲቆሙና እንዲራመዱ አደረገች። ለሞት ተትተው ከነበሩት ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ያየችውን በ1943 እና በ1946 ጽፋ ለሐኪሞች አስታወቀች፤ በብሪታንያ የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ እንዲቆም ሥራዋ መሠረት ሆነ። እርስዋ አዲስ መድኃኒት አላገኘችም፤ የሌሎች ዓይን አልጋውን ባየበት ስፍራ የእርስዋ ዓይን ሰውን አየ እንጂ።

ሁለተኛው ምስክር በቦስተን ከተማ ተገኘ። በ1990 የታተመው ሥራ እንደሚናገር፥ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 ዓመት የሆነ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ 10 ደካሞች በእግራቸው ክብደት እያነሡ ለ8 ሳምንት እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ከእነርሱም 9ኙ እስከ ፍጻሜው ጸኑ፤ የእግራቸውም ኃይል በአማካይ ከመቶ 174 እጅ ጨመረ፤ ይኸውም አስቀድሞ ከነበረው ከሁለት እጥፍ ተኩል በለጠ። የዘጠና ዓመት ሽማግሌ እግር ለሥራ ቢጠራ አሁንም ይመልሳል።

ሦስተኛው ምስክር ሁለቱን ነገሮች በአንድነት ይዞአል። ጆን ሽኔል የተባለው አሜሪካዊ ሊቅና ባልደረቦቹ በአራት መጦሪያ ቤቶች ባሉ 256 ሰዎች ላይ የሠሩትን በ2002 አሳተሙ። ለስምንት ወር፥ በሳምንት አምስት ቀን፥ በቀኑ ክፍል በየሁለት ሰዓቱ፥ ሠራተኞች ወደ ሽማግሌው እየመጡ መጸዳዳት ይፈልግ እንደ ሆነ ይጠይቁታል፤ ወደ መጸዳጃ ቤትም ያደርሱታል፤ በዚያው መንገድ እንዲራመድ ወይም ተሽከርካሪ ወንበሩን በራሱ እጅ እንዲገፋ ያደርጉታል፤ ከወንበሩም ጥቂት ጊዜ እያነሡ ያስቀምጡታል፤ የሚጠጣም ነገር ይሰጡታል። በፍጻሜው ይህ የተደረገላቸው በእንቅስቃሴያቸውና በኃይላቸው ሽንታቸውንም በመያዝ፥ እንደ ልማዱ ከተተዉት ይልቅ ተሻሉ። መድኃኒቱ ምን ነበረ? መጠየቅ፥ ክንድ መስጠት፥ መታገሥ።

ሁሉም ይድናል አላልንም፤ ያልዳኑም አሉ። ነገር ግን ሳይሞክሩ «አይሆንም» ማለት ሳይፈርዱ ማሰር ነው።

፬. ለአስታማሚዎች

እኅቴ ሆይ፥ ወንድሜ ሆይ፤ የምትደክምበትን ሥራ እናውቃለን። ወገብህ ይታመማል፤ እግርሽ ያብጣል፤ የምታጥቡትን የገዛ ልጆቻችሁ እንኳ አያዩላችሁም። ከሰው ምስጋና ባታገኙ፥ ጌታ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበ ጊዜ የእናንተን ሥራ እንደ ሠራ አስቡ። ስለዚህ እነዚህን ጥቂት ምክሮች ተቀበሉ።

1ኛ፤ ጠይቁ። በቀን በየሁለት ሰዓቱ ያህል ወደ ሽማግሌው ቅረቡ፤ በጆሮው አጠገብ በቀስታ መጸዳዳት ይፈልግ እንደ ሆነ ጠይቁት። ደርቆ ባገኛችሁት ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው አመስግኑት፤ እንደ ሕፃን ግን አታጨብጭቡለት። ሰው ሁሉ ልማዱ አንድ አይደለምና ጥቂት ቀን ሰዓቱን እያያችሁ የእርሱን ጊዜ እወቁ።

2ኛ፤ አንሡ። ራሱ ሊያደርግ የሚችለውን ነገር ስለ ጥድፊያ አትቀሙት። ከወንበር በተነሣ ጊዜ አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲቀመጥና እንዲነሣ ለምኑት፤ ዛሬ ሦስት እርምጃ፥ ነገ አራት። ሊወድቅ የሚችለውን ግን ብቻውን አትተዉት፤ ደግፋችሁ ያዙት።

3ኛ፤ መንገዱን አቅኑ። ምርኩዙ በእጁ አጠገብ ይሁን፤ ጫማው የማያንሸራትት፥ ልብሱም ለመፍታት የማያስቸግር ይሁን፤ በሌሊት መብራት ይኑር፤ ወለሉ አይርጠብ። ሽማግሌዎች ወደ መጸዳጃ ቤት ሲቻኰሉ ወድቀው አጥንታቸውን ይሰብራሉና።

4ኛ፤ ውኃ አትከልክሉ። ስለ ልብ ወይም ስለ ኩላሊት በሽታ ሐኪም ልክ ካልሰጠው በቀር በቀን በደኅና ይጠጣ፤ ወደ መኝታ ጊዜ ሲቀርብ ብቻ ይቀንስ። ሥራችሁን ለማቅለል ውኃ አትንፈጉት። ጌታ የጠቀሰው በሬ እንኳ ወደ ውኃ ይፈታ ነበር።

5ኛ፤ መርምሩ። ደኅና የነበረ ሰው በድንገት ሽንቱን መያዝ ቢያቅተው፥ ቢያቃጥለው ወይም ደም ቢያዩበት፥ ሆዱም ለብዙ ቀን ቢደርቅ ወይም አዲስ መድኃኒት ጀምሮ እንደ ሆነ፥ ሳትዘገዩ ለነርስና ለሐኪም ንገሩ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሲታከም ሽንቱም ይመለሳል።

6ኛ፤ አስተምሩ። አእምሮው ደኅና የሆነ ሰው ሽንትን የሚያቆሙትን ጡንቻዎች እያጠበቀና እያላላ ሊያጠነክራቸው ይችላል፤ አርኖልድ ኬግል የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ይህን በ1948 ለሴቶች አስተማረ፤ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል።

7ኛ፤ ቈዳውን ጠብቁ። ዳይፐር ኀጢአት አይደለም፤ ለሚያስፈልገው ሰው መልካም መሸፈኛ ነው። ነገር ግን ለሽማግሌው ልብስ እንጂ ለአስታማሚው የዕረፍት ፈቃድ አይሁን። የረጠበውን ቶሎ ለውጡ፤ አጥባችሁ አድርቁ፤ የተኛውንም ከጐን ወደ ጐን አገላብጡ።

8ኛ፤ ፈቃዱን ስሙ። ቤርዜሊ የተባለው የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሊወስደው በፈለገ ጊዜ እንቢ አለ፤ ዳዊትም ሰማው፥ ባረከውም፤ ይህም በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ19ኛው ምዕራፍ ተጽፎአል። ንጉሥ የሽማግሌን ቃል ከሰማ እኛም እንስማ። ዛሬ ደክሞኛል ቢል በኋላ ተመለሱ እንጂ አትጐትቱት። የሚፈታ ሰው በግድ አይፈታምና።

፭. ለልጆች

በአገራችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ይመርቃሉ። ሁለቱ ቃሎች አብረው ይነገራሉ፤ በሥራ ግን እኩል አይደሉም። ለቀብር ብዙ ሰው ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ገንዘብ ይወጣል። መጦር ግን ያለ ድንኳን፥ ያለ አጀብ፥ በየዕለቱ የሚሠራ ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ለመልካም ቀባሪነት እንዘጋጃለን፤ ለጧሪነት ግን አንበቃም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህንም በፍርሃት እንናገራለን፤ የአክብሮታችን ልማድ ራሱ እስራት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ሊነሣ ሲል «ኧረ ይቀመጡ» እንለዋለን። ውኃ ሲፈልግ ሮጠን እናመጣለታለን፤ እጁን እናስታጥበዋለን፤ ጫማውንም እናደርግለታለን። ልማዱ መልካም ነው፤ ከፍቅርም የተወለደ ነው። ነገር ግን አባታችን ከአልጋው ፈቅ እንዳይል በፍቅር ብንከለክለው፥ የማር ሰንሰለትም ሰንሰለት ነው። በመጦሪያ ቤት ያለውን አባትህን ልትጠይቅ በሄድህ ጊዜ፥ የወጥ ዕቃ ይዘህ አጠገቡ ተቀምጠህ «አይነሡ አባባ፥ ይደክምዎታል» ብለህ ብቻ አትመለስ። ይልቅስ ሐኪሙ ካልከለከለው፥ «አባባ፥ ክንዴን ይያዙኝ፤ እስከ መስኮቱ አብረን እንሂድ» በለው። በዚያች በሰባት እርምጃ መንገድ ውስጥ ከአንድ ቍና እንጀራ የሚበልጥ ክብር አለ።

አስታማሚዎቹንም ስትጠይቅ «በልቶአልን?» ብቻ አትበል። ዛሬ ስንት ጊዜ ቆመ? ወደ መጸዳጃ ቤትስ ማን አደረሰው? ውኃስ ጠጣን? ብለህ ጠይቅ፤ በቍጣ አይሁን፥ በትሕትና ይሁን እንጂ። የሚጠየቅለት ሽማግሌ አይረሳም። ጠረኑ ቢከብድህም ጕብኝትህን አታሳጥር፤ አንተ ሕፃን በነበርህ ጊዜ ማንም ከአንተ ጠረን የተነሣ ከቤት አልወጣም።

፮. ቤቱን ለሚያስተዳድሩ

የምኵራቡ አለቃ ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ ሥርዓት ጠባቂ ነበረ። ሕዝቡ በሌላ ቀን መጥቶ እንዲፈወስ ነገራቸው። ዛሬም «የሠራተኛ ቍጥር አይፈቅድም፤ ሰዓቱ አይደለም» የሚሉ አለቆች አሉ። እውነት ነው፤ ሽኔል የሠራው ሥራ በተለመደው መጦሪያ ቤት ካለው የሚበልጥ እጅ እንደሚጠይቅ ራሱ ሥራው አሳይቶአል። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት ደካማ አስታማሚ ትከሻ ላይ መጫን ዐመፅ ነው። ብዙ አልጋ በጥቂት እጅ የሚያስጠብቅ፥ ከዚያም ትርፉን የሚቈጥር ሰው እርሱ ራሱ አሳሪ ነው፤ ደመወዝ በመክፈሉም አይነጻም።

በአሜሪካ በ1987 የወጣው የመጦሪያ ቤት ሕግ፥ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ብቻ ሽማግሌን በማሰሪያ እንዳያስሩት ከልክሎአል፤ እያንዳንዱም ሰው ሊደርስበት ወደሚችለው መልካም ሁኔታ እንዲደርስ ቤቱ እንዲያገለግለው አዝዞአል። የምድር ሕግ ይህን ያህል ካዘዘ፥ ክርስቲያን ነኝ የሚል አለቃ ከሕጉ በታች ሊገኝ ይገባዋልን? የጨርቅ ማሰሪያውን ፈትቶ በቸልታ ማሰር የሕጉን ፊደል መጠበቅ ነው እንጂ ሽማግሌውን መፍታት አይደለም።

፯. ለማይነሡትና ለራሳቸው ለአረጋውያን

ደግሞም ከዚህ ወዲያ የማይነሡ አሉ፤ አእምሮአቸው የጠፋባቸው፥ ለሞትም የቀረቡ። እነርሱን ለመራመድ አታስጨንቁአቸው። ለእነርሱ መፈታት ማለት ደረቅ ልብስ፥ ንጹሕ አንሶላ፥ የተዘጋ መጋረጃ፥ በስማቸው የሚጠራቸው ድምፅ ነው። ጌታ ለጴጥሮስ በሸመገለ ጊዜ እጁን እንደሚዘረጋ፥ ሌላ ሰውም እንደሚያስታጥቀውና ወደማይወደው እንደሚወስደው አስቀድሞ ነገረው፤ ይህም በዮሐንስ ወንጌል በ21ኛው ምዕራፍ አለ። ያ በገሊላ ባሕር ላይ ራሱ ታጥቆ የሚሄድ ብርቱ ዓሣ አጥማጅ በሌላው እጅ መታጠቁ ከሐዋርያነቱ አላሳነሰውም። እናንተንም፥ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ በሌላ እጅ መልበስና መታጠብ ከክብራችሁ አያሳንሳችሁም።

ስለዚህ ነገሩን አትሰውሩ። ሽንት ቢያመልጣችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ውኃ በመተው ራሳችሁን አትቅጡ፤ ደወሉን ለመደወል አትፈሩ። የሚደግፍ ክንድ በቀረበላችሁ ጊዜ ተቀበሉት፤ እግራችሁም ለጥቂት እርምጃ ቢታዘዛችሁ ዛሬ ተራመዱ። እናንተ በመነሣታችሁ የሚያገለግላችሁ ሰው ደግሞ ተስፋ ያገኛል።

መደምደሚያ

ይህን ያነበብህ ሆይ፤ ወረቀቱን ሳታስቀምጥ ራስህን መርምር። በዚህ ሳምንት «እዚያው ይሽኑ» ያልሁት ሰው ማን ነው? በፍቅር ስም ያስቀመጥሁት፥ በጥድፊያ ስም የተውሁትስ ማን ነው? በነገው ቀን ማንን አነሣለሁ? ብዙ ሰው መፍታት ባትችል አንድ ሰው አንሣ፤ ቀኑን ሁሉ ባትችል አንዲት ሰዓት ስጥ። እኛም ነገ በዚያ አልጋ ላይ እንተኛለን፤ ዛሬ የምንሠራው ልማድ ያን ጊዜ ለእኛ ይጠብቀናል።

ያቺ ሴት ቀጥ ብላ በቆመች ጊዜ የመጀመሪያ ሥራዋ እግዚአብሔርን ማመስገን ነበረ። በመጦሪያ ቤቶቻችንም ብዙ ያልተሰማ ምስጋና አለ፤ ከአልጋ ጋራ ታስሮ፥ የሚያነሣውን እጅ እየጠበቀ።

አቤቱ ጌታ ሆይ፤ የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ኀፍረት እንድንሸፍን የሴምንና የያፌትን ልብ ስጠን። ለሚያገለግሉት ኃይልን፥ ለሚያስተዳድሩት ርኅራኄን፥ ለልጆች ትዕግሥትን፥ ለአረጋውያንም ተስፋን ስጥ። ልንፈታው የምንችለውን እንድንፈታ እርዳን፤ እኛ መፍታት ያልቻልነውን አንተ ራስህ በጊዜህ ፍታ። አሜን።